አልመርቅም ያልኩት ክንድ

የልጅ ልጄ ቤዝቦል ወርዋሪ ነው። ነበር ልበል? ወደሱ እመጣለሁ። ባለፈው የካቲት ፍሎሪዳ ለስፕሪንግ ትሬኒንግ ሲሄድ መርቀው ብለው ለመኑኝ፤ አልመርቅም አልኩ። በዚህ የተነሳ ልጄ ሳህኑን ፊቴ ዱብ አድርጋ ዞር ከማለት በቀር እስካሁን በወጉ አታናግረኝም። ቤተ ክርስቲያኗ ያለው ሰው ሁሉ የሷን ወሬ ሰምቷል። የኔን ደግሞ እኔ እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ጎልምሼ ነው። ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ይንሻፈፍ፤ ነገሩ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ለማያውቅ ልንገር። ስፕሪንግ ትሬኒንግ ማለት ብርዱ ሳይወጣ ቡድኖቹ ተጫዋች ሞቃት አገር ሰብስበው የሚያበጥሩበት ነው። የተጠሩ ብዙ፣ የሚቀሩ ጥቂት። ጠዋት ልብስ መቀየሪያው ክፍል አንድ ሰውዬ ይገባና ትከሻህን ነካ ያደርግሃል። የተነካ ዕቃውን ይሸክፋል። ያልተነካ ቁርሱን ይበላል። ቁርሱን የሚበላው ደግሞ ቀና ብሎ አያይም፤ የተነካው ጓደኛው ቢሆንም አያይም። የከብት ገበያ ከዚህ ይሻላል። ያልተሸጠ በሬ ቢያንስ ባለቤቱ ራሱ ነድቶ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል።

«አንተ ስለ ቤዝቦል ምን ታውቃለህ?» የሚለኝ አለ። ፒችትሪ ኮርነርስ የሚባል ሰፈር ከመጋዘኖቹ መሃል አንዱን የቤዝቦል ማሠልጠኛ አድርገውት ነበር። እዚያ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ ጠርጌያለሁ። ኳስ እለቅማለሁ፣ መረብ እሰፋለሁ፣ ሥራ ሲጠፋ ባልዲ ገልብጬ እቀመጥና አያለሁ። አሠልጣኞቹ ማየት ያውቃሉ፤ መናገር ነው የማይችሉት፣ የሚከፍላቸው ወላጅ ነዋ። «ልጅዎ ትልቅ ተስፋ አለው» ብለው እናትየዋን ይሸኛሉ። መኪናዋ ከግቢ ሳትወጣ «ከዚህ ልጅ እናቱ ብትወረውር ይሻላል» ተባብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ምን ላድርግ፣ እውነት ነው፤ እናትየዋ ጥሩ ትከሻ ነበራት።

እዚያ አንድ ፀጉረ ቀይ ልጅ ነበር። ሲወረውር ኳሱ ያፏጫል። አንድ ቀን ከወረወረ በኋላ ትንሿን ጣቱንና ጎረቤቷን፣ እጁን ታጥቦ ፎጣ እንዳጣ ሰው አራገፋቸው። ደግሞ ወረወረ፣ ደግሞ አራገፈ። አሠልጣኙ አጠገቤ ቆሞ «አለቀ» አለኝ። ክርኑ ውስጥ ያለው ነገር ሲበላሽ ጣት ይደነዝዛል አለ። ለኔ አለኝ እንጂ ለልጁ አባት አላለውም። አባትየው እስከ ክረምት ከፈለ። ልጁ አሁን ጎማ ቤት ነው የሚሠራው፤ የመኪናዬን ጎማ ለውጦልኛል። በግራው።

ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። የልጅ ልጄን ያን መጋዘን ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ትከሻው ሰፊ፣ እግሩ ረጅም ነው። ኮሌጅ ወረወረ፣ ከዚያ ዝቅተኛ ሊግ ገባ። ዘንድሮ ከትልልቆቹ ጋር ካምፕ እንዲሞክር ጠሩት። እናቱ ያን ለት የምትሠራበት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እልል አለች አሉ። ለገና መጥቶ ፓይን ሌክ ቤታችን ጓሮ ውስጥ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ጋር ሲወራወር እኔ በረንዳ ላይ ነበርኩ። ወረወረ። ሁለቱን ጣቶች አራገፈ። ብርዱ ነው አልኩ። ሌላ ወረወረ። አራገፈ። ብርድ አምስቱንም ጣት ነው የሚይዘው።

ካምፕ ሊሄድ ዋዜማ ቤቱ ሞላ። ልጄ ጴንጤ ናት፤ ፓስተሩና የጸሎት ሰዎቹ መጡ። እጅ ጫኑበት፣ ጸለዩ፣ ፓስተሩ ላብ በላብ ሆነ። አንዷ ሴትዮ «ስሙ በትልቅ ስታዲየም ሲጠራ አየሁ» አለች። ሁሉም አሜን አሉ። ልጄ የኔን ምርቃት፣ እንትፍ እንትፉን፣ የድሮ ሰው ነገር ነው ብላ ትጠየፈዋለች። የዚያን ለት ግን ሁሉንም ፈለገችው።

«አባዬ፣ አሁን ደግሞ እርስዎ ይመርቁት።»

«ፓስተሩ ጨርሶ የለም እንዴ?»

«የአባት ምርቃት ሌላ ነው።»

«ምን ብዬ ልመርቀው?»

«እንዲያስቀሩት ነዋ! ቡድኑ እንዲይዘው።»

«አይዙትም» አልኩ።

ሴትዮዋ እባብ እንዳየ ሰው «በኢየሱስ ስም!» ብላ ብድግ አለች።

«አባዬ! ምን እያሉ ነው?»

«ክንዱ አልቋል። ጣቱን ሲያራግፍ አላየሽም? ለሰው መርፌ ስትወጊ ደም ሥር ይታይሻል፣ የልጅሽ እጅ አይታይሽም?»

«እያሟረቱበት ነው!»

«ያየሁትን ነው የምናገረው። አላሟረትኩም።»

ፓስተሩ ለስለስ ብሎ «አባታችን፣ የሽማግሌ ቃል ኃይል አለው፤ በልጁ ላይ በጎውን ይናገሩ» አለኝ።

«ያ ሁሉ ላብ በኔ አንድ ቃል የሚፈርስ ከሆነ፣» አልኩት፣ «ይቀመጡና ውሃ ይጠጡ።»

የልጅ ልጄ ብቻ ነው የሳቀው። መጥቶ ጉልበቴ ሥር በርከክ አለ። «አባባ፣ ካም ኦን። ጀስት ሁለት ቃል። ‹ይቅናህ› በለኝና ልሂድ።»

«እጅህን ዘርጋ።»

ግራውን ዘረጋ።

«ቀኙን።»

ቀኙን ኪሱ ከተተው። «ደህና ነው» አለ፣ ድምፁን ቀንሶ።

«ደህና ከሆነ አውጣው።»

አላወጣውም። ተነሳና ወደ ምግቡ ሄደ። ምርቃት ለኔ እንደ ፊርማ ነው። በማላምንበት ነገር ላይ አልፈርምም። በማግስቱ ሄደ፤ እኔ ከአልጋዬ አልተነሳሁም።

በመጋቢት እናቱ ልታየው ተነሳች። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ከሥራ ወጥታ ስለምትነዳ እንቅልፍ እንዳይጥላት ያጫውተኛል ብላ ይዛኝ ሄደች። እስከ ፍሎሪዳ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እንቅልፍ ግን አልጣላትም፤ ንዴት ከቡና ይበልጣል።

ካምፑ ሜዳ በሜዳ ነው። ከሽቦ አጥሩ ኋላ የኳስ ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ የያዘ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ተጫዋች ለመመዘን የሚዞር ነው። የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀ ገለባውን ይተፋል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛዬ ስብርባሪ ነው፣ ለመፍረድ ግን «ጉድ» እና «ኖ ጉድ» ይበቃል። አንድ ሎጋ መቺ ዱላውን ይዞ መጣ። «ኖ ጉድ» አልኩ። ለምን አለኝ። ኳስ ሲመጣበት የኋላ እግሩ እንደሚሸሽ በእጄ አሳየሁት፤ ይፈራል። ሽማግሌው ሳቀና የሱፍ ፍሬ ቆነጠረልኝ። ቀጥሎ አንድ ወፍራም ልጅ ገባ፣ ሆዱ ቀበቶውን ውጦታል። «ኖ ጉድ። ሶፋ ስጡት» አልኩ። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፣ ቆይ ታያለህ አለኝ።

ከዚያ የልጅ ልጄ ሊወረውር ወጣ። የኔ ነው አላልኩም። ልጄ አጥሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች።

ወረወረ። ሽማግሌው መሣሪያውን አየ። ቁጥሩ ስላነሰበት የተበላሸ መስሎት በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ደግሞ ወረወረ። ሽማግሌው ደግሞ አየ። መሣሪያው ደህና ነበር። ጉልበቱ ላይ አጋደመውና ወደ ሱፉ ተመለሰ።

መቺው ሦስተኛዋን ኳስ አገኛት። በራሳችን ላይ አልፋ ፓርኪንጉ ውስጥ አንድ መኪና ላይ አረፈች፤ አላርሙ ጮኸ። ተጠባባቂዎቹ ተሳሳቁ። የልጅ ልጄ ሁለቱን ጣቶች አራገፈ፣ ከዚያ የሚያየው ሰው እንዳለ ትዝ ሲለው እጁን ከኋላ ኪሱ ወሸቀ።

«ኖ ጉድ?» አልኩት ሽማግሌውን።

«እሱ መቺዎቹ እጃቸውን እንዲያፍታቱበት ነው የመጣው» አለ። «ለዚህ ማሽንም አለ። ማሽን ግን ኳሱን ራሱ አይለቅምም።»

ቀስ ብሎ ስለተናገረ እኔም ገባኝ። ልጄማ አንዷም ቃል አላመለጠቻትም። ዞራ «ልጄ ነው» አለችው። ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ፣ ይቅርታ አለ፣ ዕቃውን ሰብስቦ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። የሰጠኝ ሱፍ መዳፌ ላይ ቀረ።

«አሁን ደስ አለዎት?»

«ምኑ ደስ ይለኛል? የሆነውን ነው ያየሁት።»

«ያኔ ሁለት ቃል ቢሉት ይሄ አይሆንም ነበር።»

«ክንዱን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ያልተደረገው እሱ ነው።»

«ተጸልዮለታል!» አለች። ነርስ ናት፣ ልንገራችሁ። የክርን ጅማት የኔ ምራቅ የሚቀጥለው መስሏታል።



መጋቢት ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። እናቱ ሥራ ላይ ናት፤ ለሷ መናገር ፈርቶ ነው ለኔ የደወለው።

«አባባ» አለ። «ነኩኝ።»

«ዕቃህን ሰብስብ። ኤርፖርት እጠብቅሃለሁ።»

ስልኩን አልዘጋም። ሲተነፍስ ይሰማኛል። የምጨምረው ነገር ስላልነበረኝ እኔ ዘጋሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ወፍራሙ ልጅ ቀረ። ቡድኑ ያዘው፣ በቴሌቪዥን አየዋለሁ፣ ይመታል። በሱ ተሳስቻለሁ። በሱ መሳሳቴ ግን የሌላውን ሰው ክርን አያድነውም። ልጄ ወፍራሙ ሲመታ ባየች ቁጥር ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች፣ እኔ እንድሰማ። እሰማለሁ።

ኢስት ፖይንት በኩል ዞሬ፣ ኤርፖርቱ ጋ ተቀባዮች የሚቆሙበት ቦታ ፓርክ አድርጌ ጠበቅኩት። ትልቁን ሻንጣ በግራ እጁ እየጎተተ መጣ። ከመኪናው ኋላ በግራ እጁ ጫነው። ሲቀመጥ በሩንም በግራ እጁ፣ ሰውነቱን ጠምዝዞ ዘጋው። ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የተናገረው።

«ከመቼ ጀምረህ ነው ያወቅከው?»

«ከገና።»

«ታዲያ ለብቻዬ አትነግረኝም? ላይክ፣ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«አንተስ ከመቼ ጀምረህ አወቅክ?»

መስኮቱን አየ። «ከዛ በፊት።»

«ታዲያ እኔ ምን ልንገርህ?»

ከዚያ፣ «ሌላ ቲም አለ» አለ። «ትንሽ ሊግ ነው፣ ኢንዲያና። ሰኞ ትራይአውት አለኝ፣ ይሞክሩኛል።»

«በየትኛው እጅህ?»

«አባባ፣ ፕሊስ።»

«ሐኪም አየው?»

«ካየው ኦፕሬሽን ይለኛል። ኦፕሬሽን ካለኝ ማንም አይጠራኝም።»

«አሁንስ ማን ጠራህ? ደውለህ ለምነህ ነው።»

አለቀሰ። ሰፊ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ወንበሬ ድረስ ይሰማኝ ነበር። አይዞህ አላልኩትም፤ አይዞህ የሚሉት እስኪበቃው ብለውታል፣ እዚህ ያደረሱትም እነሱ ናቸው። መንገዱን እያየሁ ነዳሁ። ቀይ መብራት ያዘን።

«መርቀኝ» አለ፣ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ። «ማሚ የለችም፣ ፓስተሩ የለም። እንዲቀበሉኝ አትበል። የፈለግከውን በል። ዝም ብለህ ግን አትስደደኝ።»

የመቀመጫ ቀበቶውን እንዳሰረ ራሱን ወደኔ ዝቅ አደረገ። ይሄን እምቢ አላልኩም። እጄን አናቱ ላይ ጫንኩ። ፀጉሩ ገና የፍሎሪዳ አቧራ ነበረበት።

«እግዜር ጤና ይስጥህ።»

«አሜን።»

«እንጀራህን አይንሳህ።»

«አሜን።»

«ከዚህ ኳስ ተስፋህን ቶሎ ይቁረጥልህ።»

«አሜን» አለ።

ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሽማግሌ ሲናገር አሜን እንዲል ነው ያሳደግነው፤ አፉ ቀደመው። ከዚያ ቀስ ብሎ ራሱን ቀና አደረገ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላዬ ያለው መኪና ክላክስ ነፋብኝ።

«ምንድን ነው ያልከኝ?»

«ሰምተኸኛል።»

«ይሄ ምርቃት ነው? ሲሪየስሊ፣ ይሄ እርግማን ነው።»

«የኔ ምርቃት ይሄ ነው። አሜን ብለሃል።»

ፓይን ሌክ እስክንደርስ ፊቱን ወደኔ አላዞረም። መኪናውን አቁሜ የኋላውን ከፈትኩ። ሻንጣውን ልይዝ ስል ገፋኝና ቀደመኝ። በቀኝ እጁ ነው ያነሳው፣ እኔ እንዳየው ብሎ። ትከሻው ላይ አወጣው። ፊቱ ላይ ምንም አልተነበበም፣ ለመደበቅ ጎበዝ ነው። ቀጥ ብሎ በረንዳው ድረስ ተሸክሞ ሄደ። አስቀመጠው። ቁልፍ ሊፈልግ ጀርባውን ሲሰጠኝ የማላይ መስሎት ሁለቱን ጣቶች አራገፈ።

ሰኞ ኢንዲያና ሄደ። እናቱ ሸኘችው፣ ፓስተሩም ነበረ፣ ደግመው ጸለዩለት። እኔን አልጠሩኝም። ቢጠሩኝም የምጨምረው የለኝ፤ የኔን አስቀድሜ ሰጥቼዋለሁ፣ አሜንም ብሎበታል።