ፈረሱ ሲሞት

ከሆንግ ኮንግ የመጡትን ሽማግሌ የሥራ ባልደረባዬን «ጋሼ» ነው የምላቸው። ምን ልበላቸው ታዲያ፣ አባቴን የሚያህል ሰው በስሙ አልጠራ። ዳውንታውን አንድ ሆቴል አብረን ስናጸዳ ተረት መለዋወጥ ለመድን። እሳቸው አንድ የአገራቸውን የካንቶኒዝ ሲሰጡኝ እኔ አንድ የአማርኛ እመልሳለሁ፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛችን። «እጅ ሲያርፍ አፍም ያርፋል» ሲሉኝ «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» አልኳቸው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያልኳቸው ቀን ግን ግራ ገባቸው።

አምና የራሳችንን የጽዳት ቢዝነስ ልንጀምር ተነሣን። የአንድ ቢሮ ሕንፃ ማኔጀር «ቅዳሜ ጠዋት ኑና አንድ ፎቅ አጽዱ፤ ከወደድኩት ኮንትራቱ የእናንተ ነው። ካረፈዳችሁ ግን ሌሎች ተራ ይዘዋል» አለን። ደስታው እንቅልፍ ነሣኝ።

ቅዳሜ ከምንኖርበት ከኦሮራ ተነሥተን በኮልፋክስ ጎዳና ስንከንፍ፣ አሮጌዋ መኪናዬ ካፒቶል ሂል ሰፈር ላይ ተንገጫግጫ ቀጥ አለች። እኔ መሪውን እንደጨበጥኩ ደርቄ ቀረሁ። ጋሼ በሩን ከፍተው ወረዱ።

«ፈረሱ ሲሞት ወርዶ በእግር ነው» አሉና ባልዲውን አነሡ።

ሽማግሌ ዕቃ ተሸክሞ እኔ እያየሁ? ነጠቅኳቸው። ቫኪዩም ማጽጃውን፣ ባልዲውን፣ መወልወያውን ሁሉ ታቅፌ ትንሽ እንደሄድኩ መወልወያው ወደቀ፤ እሱን ሳነሣ ባልዲው ተንከባለለ። ሰዓቱ ይሮጣል። እሳቸው «ስጪኝ» ይላሉ፣ እኔ «በሞቴ ጋሼ፣ አይሆንም» እላለሁ፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየናል። በመጨረሻ ጋሼ ተቆጡ።

«እኛ ጋ ጉልበት ያልነካው ነገር ገንዘብ አይሆንም ይባላል። ጉልበቴን ከከለከልሽኝ ድርሻዬ ምጽዋት ነው።»

ባልዲውን ሰጠኋቸው።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ በረርን። ስንደርስ ማኔጀሩ በሩ ላይ ሰዓቱን እያየ ቆሟል። ላባችንን አይቶ «መኪናችሁስ?» አለ።

ጋሼ ቀደሙኝ። «በእሷ አገር ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ። የእኛው ማድረሱንም እምቢ አለ። ውጊያው ግን የእኛ ነው፤ ፎቁ የትኛው ነው?»

ተረቴን ይዘውት ኖሯል። ከደስታዬ ብዛት እንባዬ መጣ።

ከሰዓት በኋላ የሕንፃው ቁልፍ ኪሴ ገብቶ፣ ወደ ሞተችው መኪና በኮልፋክስ እየሳቅን ተመለስን። ቫኪዩሙን እኔ ያዝኩ፣ ባልዲውን ጋሼ።