ብሎን የሚተርፈው ሰው

ተስፋዓለም የማይፈታው ዕቃ የለም። ችግሩ መግጠሙ ላይ ነው። ጭሮ ተወልዶ ያደገ ሲሆን፣ ዛሬ ሚኤሶ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ግቢ ውስጥ የየራሳችንን ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ስለዚህ የማወራው በወሬ የሰማሁትን አይደለም።

ካቻቢቴውን ለማውጣት ዕቃው እስኪበላሽ አይጠብቅም። እንዲያውም የሚሠራውን ይመርጣል፤ “ምስጢሩን” ለማወቅ ነው አሉ። የመሥሪያ ቤቱን ፕሪንተር ደህና እየሠራ ሳለ ፈታው፤ ከዚያ ወዲህ በቡጢ ካልተመታ አያትምም። የጎረቤታችን የሰርካ ካውያ ደግሞ እሱ ካየው በኋላ ልብሱን ትቶ እሷን ይነዝራት ጀመር። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ብሎን ይተርፈዋል። ለምን ሲባል አያፍርም፤ ፋብሪካው አብዝቶ ነው ይላል። የተረፉትን በባዶ የማር ጠርሙስ አጠራቅሞ መስኮቱ ላይ አስቀምጧል። ሌላ ሰው ቢሆን ይደብቀው ነበር።

ይህን ሁሉ እየሳቅኩ አልፌዋለሁ። የዑሙልኸይርን ፍሪጅ ግን አላልፈውም።

ዑሙልኸይር በግቢያችን ጫፍ ያለችው ክፍል ውስጥ ከልጇ ከረዲያ ጋር ትኖራለች። ረዲያ ስኳር አለባት፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። በሚኤሶ ሙቀት ያ መድኃኒት ውጭ አይቆይም፤ ስለዚህ የዑሙልኸይር ወንድም አሮጌ ፍሪጁን ላከላት። መድኃኒቱ ቢሞቅም ይበላሻል፣ ቢረጋም ይበላሻል። በልኩ መቀዝቀዝ አለበት።

እኔ ለሥልጠና ጭሮ በሄድኩበት ሳምንት ተስፋዓለም ፍሪጁን አየው። ሞተሩ ትንሽ ሠርቶ ማረፉ አልተዋጠለትም። ሰነፍ ፍሪጅ ነው ብሎ ፈረደበት፤ የሥራ ሰዓቱን ግማሽ ሻይ ቤት የሚያሳልፈው ሰው። ቅዝቃዜው ሲበቃ ሞተሩን የሚያጠፋውን ቴርሞስታት ነቅሎ ሽቦውን በቀጥታ አገናኘው። ከዚያ በኋላ ሞተሩ አላረፈም። ግቢው በደስታ አበደ፤ በዚያ ሐሩር የበረዶ ውሃ ተገኘ! ጎረቤቱ ጆግ ይዞ ተሰለፈ፤ ከቦርደዴ ሳይቀር የእኛንም አጠንክርልን የሚል መጣ። እሱም በሩ ላይ ቆሞ እንደ ሙሽራ ምርቃት ይቀበል ነበር።

መድኃኒቱም በረዶ ሆነ። ዑሙልኸይር ደንግጣ ጠየቀችው። አላውቅም፣ ሐኪም ጠይቂ ማለት ከሞት ይከብደዋል። ውሃም ይረጋል፣ ውሃም ይቀልጣል፣ ምን ልዩነት አለው ብሎ አሰናበታት። እሷም አምናው በመዳፏ እያሟሟች ልጇን ወጋች። የምትወጋበት መድኃኒት ከዚያ ወዲያ ለምንም የማይረባ ነበር።

ስመለስ ረዲያ ምንጣፍ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። ከንፈሯ ደርቋል፣ ትንፋሿ እንደ በሰበሰ ፍሬ ይሸታል፣ ውሃ ውሃ ትላለች። የመድኃኒቱን ጠርሙስ አንስቼ ሳየው ፍርፋሪ ነገር ይዋኝበታል። ያኔውኑ መኪና ለምነን ወደ ጭሮ ወጣን። ልጅቷ ለጥቂት ተረፈች።

ስንመለስ ለተስፋዓለም የሆነውን ነገርኩት። ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ነበር፤ ሞኝነቴ። ቴርሞስታቱን ከኪሱ አውጥቶ በጣቶቹ እያገላበጠ፦

“ሲስተር፣ ፍሪጅ የሚገዛው እንዲያቀዘቅዝ ነው። አላቀዘቀዘም?” አለኝ።

ናቅኩት። በሩ ላይ ሳየው ዛሬም እንቀዋለሁ፤ ቅር አይለኝም።

ዑሙልኸይር ከዚያ በኋላ ፍሪጁን አላመነችውም። አንዱን ማሰሮ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ከትተን መሃሉን እርጥብ አሸዋ ሞላነው፤ መድኃኒቱ እዚያ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ይቀዘቅዛል እንጂ አይረጋም። ባለፈው ሰሞን ተስፋዓለም መጣና ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን ቃኘው። ሶኬት የለው፣ ሞተር የለው። ግራ ገባው፤ ግራ ሲገባው ደግሞ እጁ አያርፍም። ክዳኑን ሊያነሳ እጁን ሰደደ።

ረዲያ ከውስጥ ሮጣ ወጥታ ክዳኑን በሁለት እጇ ያዘችው።

“ጋሼ፣ ይሄ ብሎን የለውም” አለችው።

እናትየው ትልቅ ሰው ተናገርሽ ብላ አልተቆጣቻትም።