ያልታመመችው አክስት

ማክሰኞ ጠዋት የአንዲት ደንበኛዬን ፀጉር በቢጎዲን ጠቅልዬ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ላስገባት ስል፣ የማዕዘኑ ሱቅ ባለቤት አንድ ፌስታል ብርቱካን አንጠልጥላ ገባች። ፀጉሯን ልትሠራ አልመጣችም። አንገቷን ዘመም አድርጋ በሐዘን እያየችኝ፣ "አይዞሽ፤ አሁንኮ መድኃኒት አለው" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ግድ የለም፣ ሰምተናል። የእህትሽ ልጅ ላንቺ ብላ አይደል ለካንሰር ሕሙማን መርጃ የብስክሌት ጉዞ የተመዘገበችው? ዝርዝሩ ኮሌጇ በር ላይ ተለጥፏል።"

ባለ ቢጎዲኗ ደንበኛዬ ወንበሯን ከእኔ ትንሽ ሸሸት አደረገች። ካንሰር እንደማይተላለፍ የሚነግራት ሰው አላገኘችም መሰለኝ። እኔ ከደም ግፊት በቀር አንድም በሽታ የለብኝም፤ እሱም የመጣብኝ ከሰው ወሬ ነው። ብርቱካኑን ግን ተቀበልኩ።

ወዲያው ለእህቴ ልጅ ስልክ መታሁላት። ከቅጥነቷ የተነሳ ስንጥር ነው የምንላት፤ ሦስተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ናት። ከሁለት ወር በፊት ብስክሌት ላይ ወጥታ አታውቅም ነበር። አሁን ከጓደኛዋ በተዋሰችው ብስክሌት ስልሳ ኪሎ ሜትር እነዳለሁ ብላ፣ ሁለቱም ጉልበቷ ተልጦ ፕላስተር በፕላስተር ሆናለች። ምሳ ሰዓት ላይ እያነከሰች መጣች።

"በቁሜ ቀበርሽኝ አይደል?" አልኳት።

"ምን ላድርግ አክስቴ? ቅጹ 'ለማን ነው የምትነጂው?' ይላል። ለእናቴ ብዬ ብጽፍ አንቺ ትገድይኛለሽ።"

እውነቷን ነበር። ከሰባት ወር በፊት ከእህቴ ጡት የተወሰደውን ናሙና ውጤት የተቀበልነው እኔና ስንጥር ነበርን። ካንሰር ነው አሉን። እህቴ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ሆደ ባሻ ናት፤ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቷን ታዞራለች። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ልጅቷን ትከሻዋን ይዤ፣ "እናትሽ ከሰማች በበሽታው ሳይሆን በድንጋጤው ነው የምትሞተው። ሆድ ይፍጀው" አልኳት። ለእህቴ "መጥፎ እጢ ነው፤ መድኃኒቱ ያጠፋዋል" አልኩ። እሷም "እሺ" አለች፤ ሌላ አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲህ ስንጥር እንባዋ ሲመጣ እኔ ጋ ትሮጣለች፤ ፀጉር የማጥብበት ገንዳ ላይ ጎንበስ ብላ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?" አለችኝ ስንጥር ያን ማክሰኞ።

"ተረቱ ስለ በሽተኛ ነው፤ ስለ አክስት አይደለም።"

አልሳቀችም። "ሰባት ወር ቤት ውስጥ የውሸት ስስቅ ጉንጬን አመመኝ። እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ አንድ ቀን እናቴን አቅፌ ከእሷ ጋር ማልቀስ ነው የምፈልገው። እሱን አንቺ ከለከልሽኝ። በአፌ እንዳልናገር ከከለከልሽኝ በእግሬ ልናገር።"

መቆጣት ነበረብኝ፤ አቃተኝ። ብርቱካን ልጬ ሰጠኋት። "በይ እሺ፣ ታምሜያለሁ። እናትሽ ጆሮ ብቻ እንዳይገባ" አልኳት።

ያላወቅነው ነገር ነበር። የጉዞው አዘጋጆች የእያንዳንዱ ነጂ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ለማን እንደሚነዳ በጨርቅ ተጽፎ እንዲሰፋ ወስነው፣ ለኮሌጁ ቅርብ የሆነችውን ልብስ ሰፊ ፈልገዋል። ቅርብ የሆነችው እህቴ ናት። አርባውንም ሸሚዝ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግፈውላት ሄዱ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሳሎኔ ባዶ ሳለ አንዱን ሸሚዝ ይዛ ገባች። በሩን ዘጋች። ሸሚዙን ፊቴ ዘረጋችው፤ አንገትጌው ላይ የልጇ ስም አለ፤ ጀርባው ላይ "ለአክስቴ" ይላል።

"የታመምኩት እኔ፤ አንቺ ምን ቤት ነሽ?" አለችኝ።

"ማን ነገረሽ?"

"የምታከምበት ክፍል በር ላይ 'የካንሰር ሕክምና' ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ማንበብ አልችልም መሰለሽ?"

እኔኮ እዚያ በር ላይ ስንደርስ ዓይኗን ላስቀይስ ብዬ ወሬ አበዛ ነበር። የጎረቤቱን ሁሉ ጉድ የጨረስኩት እዚያ በር ላይ ነው።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ማወቄን ካወቃችሁ መሳቅ ትተዋላችሁ ብዬ ፈራሁ። ስትስቁ ደስ ይለኝ ነበር።" ሻሿን አወረደች። ፀጉር ሠሪ ሆኜ፣ ስንት ወር ሙሉ እንዳላየሁ ያለፍኩት ፀጉሩ የረገፈ ራስ ነው። "ግን እህቴ፣ ብቻዬን ማልቀስ ሰለቸኝ። የሰፋሁትን መጋረጃ ባለቤቶቹ እስኪወስዱት ድረስ ከጀርባው ቆሜ ነው የማለቅሰው።"

እኔ ለእሷ መልካም ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። የማደርገው ሲጠፋኝ ወንበሩን አዞርኩላት፤ ተቀመጠች፤ የቀረችውን ፀጉር በመላጫ ማሽን ቀስ ብዬ አነሳሁላት። እሷ ደግሞ ጭኗ ላይ ሸሚዙን አስቀምጣ የጨርቁን ስፌት በመቀሴ ትፈታ ነበር። ስንጥር እስክታየው እንዳልነግራት አስማለችኝ። ምስጢር ለመጠበቅ የእኔ ልምድ አያንስም።

ሸሚዞቹ በካርቶን ታሽገው እሁድ ጠዋት መነሻው ላይ ታደሉ። ብስክሌቱን ያዋሰቻት ጓደኛዋ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ስንጥር ሸሚዟን ዘርግታ ጀርባው ላይ "ለእናቴ" የሚለውን ስታነብ እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ዘጭ አለች። ሌሎቹ ሲነሱ እሷ ገና ሸሚዙን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ለብሳ የተነሳችው የመጨረሻዋ ሆና ነው።

የደረሰችውም የመጨረሻዋ ሆና ነው። ጉዞው የሚያልቅበት አደባባይ ላይ አዘጋጆቹ ወንበር ማጠፍ ጀምረዋል፤ ያጨበጨበው ሕዝብ ወደ ቤቱ ሄዷል። እህቴ ያለ ሻሽ፣ ራሷን ፀሐይ እየመታት፣ ቁጭ በይ ብላት እምቢ ብላ ሁለት ሰዓት ቆማለች። ከዚያ ያቺ ቀጭን ልጅ ከመታጠፊያው ብቅ አለች፤ ፔዳሉን የምትገፋው በእልህ ብቻ ነው። እናቷን ስታይ ፍሬን መያዝ ረሳች። ሮጬ ብስክሌቱን ባልይዘው ሁለቱም ይወድቁ ነበር።

"መቼ አወቅሽ?" አለች ስንጥር።

"ካንቺ እኩል" አለቻት እናቷ።

ከዚያ ተቃቀፉ። ሰባት ወር የከለከልኳቸውን ልቅሶ አደባባይ መሀል ቆመው፣ ድምፃቸውን ለቀው አለቀሱት። ወንበር የሚያጥፉት ሰዎች ሥራቸውን አቁመው አዩ። እኔ ብስክሌቱን ይዤ፣ ማናቸው ቀድማ ትወድቅ ይሆን እያልኩ ቆሜ ጠበቅኩ። በድንጋጤ ማንም አልሞተም። ትንሽ ቆይታ እህቴ ፊቷን ሳታዞር አንድ እጇን ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ ዘረጋች። የሰው ብስክሌት መሬት ላይ ጥዬ ወደ እነሱ ሄድኩ።