በራሂማ ስም የገባው ሰው

ራሂማን ኮምቦልቻ ውስጥ የሚጠላት ሰው የለም፤ ከሥራ ባልደረቦቿ በስተቀር። እነሱም ቢሆኑ የሚጠሏት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ተኩል ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አብረዋት ሚኒባስ ይጠብቃሉ።

የምትሠራው አንድ የግል የሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ዋናው ቅርንጫፍ ደሴ ፒያሳ ነው፤ እሷ ኮምቦልቻ ያለውን የመረጃ ክፍል ትይዛለች። የታካሚው ውጤት ሁሉ፣ ስኳሩም የደም ዓይነቱም፣ የሚቀመጠው ጠረጴዛዋ ላይ ባለው ኮምፒውተር ሳይሆን ክላውድ በሚሉት፣ በኢንተርኔት በሚደረስበት የኪራይ ዳታቤዝ ላይ ነው። ድሮ ለሁሉም ሰው አንድ የይለፍ ቃል ነበረ። ማይክሮስኮፑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር በቃሏ ትወጣው ነበር። ያን ወረቀት የቀደደችው ራሂማ ናት። አሁን አንድ ውጤት ማረም የፈለገ በራሱ ስም ይጠይቃል፤ ምክንያቱን ይጽፋል። ራሂማ አይታ ለሠላሳ ደቂቃ ትከፍትለታለች። ደቂቃው ሲያልቅ በራሱ ይዘጋል፤ ማን ገብቶ ምን እንደነካም ተመዝግቦ ይቀራል።

ቀላል ነገር ነው ብላ ነበር። ነገሩስ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ሰው ነው። ከይሪያ በየሳምንቱ ሰኞ እየመጣች የሳምንቱን አንድ ጊዜ ከፍተሽልኝ ልገላገል ትላለች። ሙዓዊያ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ለሥራ» ብሎ ይጽፋል። ለሥራ መሆኑን ማን አጣው? ለሠርግ ነው እንዳትለው ነው? በትክክል ጻፍ ብላ ስትመልስበት «ለአስቸኳይ ሥራ» ብሎ ይልክላታል። ሌላው ደግሞ ጊዜው ሲያልቅበት እንደ ወንፊት የጎረቤቱን ስም ይዋሳል። በዚህ በዚህ ጨጓራዋ ተላጠ። በመጨረሻ ስሙን ለሌላ ያዋሰ ሰው ምን እንደሚደርስበት የሚገልጽ አንድ ገጽ ደንብ በራሷ እጅ አረቀቀች። የደሴ አለቆች ፈረሙበትና በየክፍሉ ተለጠፈ።

ፈቃድ ጠይቀው የማያውቁ አንድ ሰው ብቻ አሉ፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ኑርሁሴን። ራሂማ ከደጋን መጥታ ሥራ ስትጀምር ደም መቅዳት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። የሚታረም ሲኖራቸው በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ለወጣቶቹ ሠራተኞች ይሰጣሉ። ላስተማርኳት ልጅ ማመልከቻ አልጽፍም ማለታቸውን እንዳትሰማ እየተባለ ያልነገራት ሰው አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ፣ ሌሎቹ ለምሳ ወጥተው፣ ራሂማ በስሟ ገብታ የራሷን ሥራ ስታርም ጋሽ ኑርሁሴን መጥተው አጠገቧ ቆሙ። አንድ የተሳሳተ የደም ዓይነት ስላለ እስቲ ተነሽልኝ፣ ላስተካክለው አሏት። በስምዎ ይጠይቁ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበረ። በዚያ ዓመት ለስንቱ ተናግራዋለች! ለእሳቸው ግን እንዴት ይወጣል? «መርሐባ ጋሼ» አለችና ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችላቸው። አራት ደቂቃ እንኳ አልፈጁም።

በማግስቱ ከደሴ ተደወለ። በቀዶ ጥገና ልትወልድ የነበረች ሳፊያ የምትባል ሴት የደም ዓይነቷ ኦ ሆኖ ሳለ መዝገቡ ላይ ኤ ይላል። ጋሽ ኑርሁሴን ማረም የፈለጉት ከሥር ያለውን መስመር ነበር። ሐኪሙ ደም ከመስጠቱ በፊት ዳግም ስላስመረመረ ሴትዮዋም ልጇም በሰላም ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። መዝገቡ ግን ለውጡን ያደረገችው ራሂማ ናት ይላል፤ ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ከአርባ። ሐሙስ ጠዋት ደሴ ቀርበሽ አስረጂ፣ የሥራሽ ነገር ያን ዕለት ይወሰናል ተባለች።

በእሳቸው ተናደደች፤ ከእሳቸው ይበልጥ በራሷ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለማን ሆነና! ሄዳ ነገረቻቸው። ጋሽ ኑርሁሴን ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያውቃል» አሏት።

«አላህማ ያውቃል ጋሼ። መዝገቡ የሚያውቀው ግን የኔን ስም ነው።»

ጋሽ ኑርሁሴን ነገ አብሬሽ ደሴ እወጣለሁ አሉ።

ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ገቡ። ፒያሳ ያለው ሥራ አስኪያጅ ሂሻም ገና ወንበር ሳይሰጣቸው ጋሽ ኑርሁሴን ቆመው ተናገሩ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ መስመር ስቼ ነው፣ ዓይኔም ደክሟል አሉ። ራሂማ ትከሻዋ ላይ የነበረ ሸክም የወረደላት መሰላት። ሂሻም በአክብሮት ሰማቸው። መሳሳት የሰው ነው፣ ከእንግዲህ የሚያርሙትን ሁለተኛ ሰው ያይልዎታል ብሎ የእሳቸውን ነገር በዚሁ ዘጋው። ቀጥሎ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣና ወደ ራሂማ አዞረው። ስሙን ለሌላ ሰው ያዋሰ ከመረጃ ሥራ ይነሣል ይላል።

«ይህን ማን ጻፈው?» አላት።

«እኔ» አለች።

መከራከር አልቻለችም። ሙዓዊያ ቢሆን ኖሮ ያደረገው፣ እሷው ናት ይነሣ ብላ የምትጮኸው። ከሰኞ ጀምሮ ፈቃድ የምትሰጠው ደሴ ያለችው ፋኢዛ ትሆናለች፤ ራሂማ ናሙና መቀበያው መስኮት ላይ ትቀመጣለች። አንድ ወረቀት በመቅደድ የጀመረችው ሥራ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከእጇ ወጣ።

ወደ ኮምቦልቻ ሲመለሱ ጋሽ ኑርሁሴን እኔ አጥፍቼ አንቺ ተቀጣሽ እያሉ ደጋገሙት። ስድስት ጊዜ ያህል ሰምታ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እምቢ ብልዎት ኖሮ ይቀየሙኝ ነበር?»

ሽማግሌው ሊዋሹ አልሞከሩም። «እንዴታ!» አሉ።

«እስከ መቼ?»

አሰቡ። ጣታቸውን እያጠፉ ቀኑን ቆጠሩ።

«ቢበዛ እስከ ጁምዓ» አሉ።

ራሂማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጁምዓ ነገ ነው።