የአብዲራሺድ ስም

ፋርሂያን ድሬ ውስጥ በመልኳ የሚያውቃት ጥቂት ነው፤ ድምጿን ግን የማያውቅ የለም። ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ እንግዳ ታቀርባለች። ገበያ ወጥታ ዋጋ ስትጠይቅ ሽንኩርት ሻጮቹ ቀና ሳይሉ ይለዩአታል። «አቦ፣ የሬዲዮዋ! ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስለፈልፊልን ነው?»

ዘፋኙ መሃድ ወደ ትውልድ ከተማው ሊመጣ ነው ሲባል ጎረቤቷ ሀዎ ቤቷ ድረስ መጣች። የሀዎ ልጅ አብዲራሺድ አምና በመሃድ ኮንሰርት ላይ በር ላይ በተነሣ ግፊያ ተረግጦ ሞቷል። መሃድ ዘፈኑን ጨርሶ ሄደ። ለቅሶ አልደረሰ፣ ሰው አልላከ።

«ኤዶ ሀዎ፣ ምን ብዬ ልጠይቅልሽ?» አለች ፋርሂያ፤ አክስቴ ማለቷ ነው።

«ካሳ አልፈልግም። የልጄን ስም በአፉ ይጥራልኝ። ልጄ የእሱን ስም እየጠራ አይደል የሞተው?»

«እጠይቀዋለሁ፣ ወላሂ።»

በቀጠሮው ቀን የመሃድ ሥራ አስኪያጅ ኃይለመለኮት ቀድሞ ስቱዲዮ ገባ። የአዲስ አበባ ሰው ነው። ጥያቄዎቹን አስነብቦ አንዱን አስወጣ። «የአምናውን ካነሳሽ ተነስተን እንሄዳለን። ቀጥታ ስርጭትም የለም፤ ተቀድቶ እኔ ከሰማሁት በኋላ ነው የሚለቀቀው።»

አለቃዋ «እሺ በዪው» አላት። አለች።

መሃድ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ስለ አልበሙ አወራ። እየሞቀው ሲሄድ በድሬ ልጅ ወግ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ ሶማሊኛ ይዘል ጀመር። ኃይለመለኮት ከአማርኛው በቀር አንዱንም አይሰማም፤ ሲስቁ እያየ አብሮ ይስቃል። ያን ጊዜ ፋርሂያ ፈገግታዋን ሳታጥፍ በሶማሊኛ፣ «የሀዎ ልጅ አብዲራሺድ በርህ ላይ ሞቷል። እናቱ ስሙን ካንተ አፍ ትጠብቃለች» አለችው።

መሃድ መነጽሩን አወለቀ።

«አብዲራሺድ» አለ፣ በዚያው በሶማሊኛ። «ጩኸቱን ሰምቻለሁ። ሙዚቃውን አቁሙ ብል ያቆሙልኝ ነበር፤ አላልኩም። ለቅሶውንም የቀረሁት የእናቱን ዓይን ፈርቼ ነው።»

ያጋለጣቸው እንባው ነው። ኃይለመለኮት ከመቀመጫው ተነሣ። «ምን አልሽው? ምን አለሽ?» የሚተረጉምለት አጣ። «እንግዲያው ያልገባኝ ሁሉ ይጥፋ!»

ፋርሂያ መሃድን አየችው። አንድ ቃል፣ «ተዉት» ቢል ይተዉለት ነበር። መነጽሩን መልሶ አደረገ። ድምፁም ዓይኗ እያየ ጠፋ።

ቃለ ምልልሱ በዚያው ቀን ሲተላለፍ ሀዎ ሬዲዮዋን ደጃፏ ላይ አውጥታ፣ ጎረቤቶቿን ዝም አሰኝታ ሰማች። አልበም ተወራ፣ ተሳቀ፣ ዘፈን ገባ፣ አለቀ።

ፋርሂያ ሮጣ ስትደርስ ጎረቤቶቹ ሄደዋል። «ስሙን ጠርቶታል፣ ኤዶ! አልቅሷል። ቆርጠው ጣሉት እንጂ፣ ወላሂ ጠርቶታል!»

ሀዎ ትክ ብላ አየቻትና ጉንጯን ዳሰሰቻት። «ደግ ልጅ ነሽ። እንድጽናና ብለሽ ነው።»

«እውነቴን ነው!»

«እሺ ልጄ፣ እውነትሽን ነው» አለች፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

ከዚያ ወዲያ የሀዎ ሬዲዮ አልተከፈተም። ፋርሂያ ዛሬም ከሰዓት በኋላ እንግዳ ታቀርባለች። በዚያ ደጅ በኩል ስታልፍ ግን፣ ከሰው ጋር ብትሆንም እንኳ፣ ድምጿን አታሰማም።