ከመርዶው በፊት ባለው ማለዳ

አንድ ተራ ቀን ምን እንደሚያስከፍላት መምህርት ጠጄን ጠይቄያት ነበር። ከዘመሮ ከተማ በላይ ያለውን የትምህርት ቤቱን ዳገት ነፋሱን በፊቷ እየተቀበለች ስትወጣ ጉልበቷ እዚያ ይቀራል። ድምጿ ደግሞ ልጅ ጢም ብሎ በሞላበት ሦስተኛ ክፍል ያልቃል። «ይኼስ ሹሮዬን በልቼ ስተኛ ይመለሳል፤ የማይመለስልኝ የተማሪዬ የሲና አንድ ቃል ነው» አለችኝ።

ልጄ እሷ ዘንድ ስለምትማር ነገሩን አውቀዋለሁ። ጠጄ ከክረምት ኮርስ ስትመለስ አንድ ልማድ ይዛ መጣች። ማለዳ፣ ከሂሳቡ በፊት፣ ልጆቹን በየተራ «ልብህ ዛሬ እንዴት አደረ? ፀሐይ ነው፣ ጉም ነው ወይስ ውርጭ?» ትላቸዋለች። ውርጭ ያለውን አጠገቧ ታስቀምጠዋለች።

መጀመሪያ ወላጆች ሳቅንባት። ጎረቤቴ ገበያነሽማ «የልጅ ልብ ደግሞ እንደ ገብስ ውርጭ ይመታዋል እንዴ!» አለች። ኋላ ግን የኔዋ ልጅ ተደብቃ ማልቀሷን ትታ «እማዬ፣ ዛሬ ውርጭ ነኝ» ትለኝ ጀመር።

በ1997 ዓ.ም. ጥር ላይ የሲና እናት ለሕክምና በሄደችበት ከተማ ዐረፈች። የልጅቱ አያት ቄስ ዓምደ ሚካኤል ጠጄ ዘንድ መጡ።

«ልጄ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ መርዶ አይነገርም። እሑድ ማለዳ እናረዳታለን፤ እስከዚያ ትምህርቷን ትማር።»

«አባ፣ እኔ እኮ በየማለዳው ልቧን እጠይቃታለሁ።»

«ዋሺ አላልኩሽም፤ ዝም በይ እንጂ።»

የካህን ቃል ነው፣ የአገር ወግ ነው፤ እሺ አለች።

በማግስቱ ሲናን ልትዘላት አሰበች። ልጅቱ ግን ተራዋ ሳይደርስ ብድግ አለች። «ቲቸር፣ እኔ ፀሐይ ነኝ! እሑድ እንግዳ ይመጣል ብለው ቤቱን እያሰናዱ ነው፤ እማዬ ናት!»

ወሬውን በየቤታቸው የሰሙት ልጆች አቀረቀሩ። ጠጄ «ጎሽ፣ ተቀመጪ» አለቻት።

እሑድ አረዷት። ወደ ክፍል የተመለሰችው ጸጉሯን ተላጭታ ነው። ጠጄ ተንበርክካ «ልብሽ እንዴት ነው ሲናዬ?» አለቻት።

«ያን ቀን ያውቁ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ፣ አውቅ ነበር።»

ሲና «እንግዲያውስ ፀሐይ ነኝ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ፀሐይ ናት። ቤት ስትገባ ግን የበግ ጠጉር ብርድ ልብሷን፣ ባናዋን፣ ተከናንባ ስትንሰቀሰቅ አያቷ ይሰማሉ። «ወጉን ለትልቅ ሰው አወጣነው፤ ለልጅ መች አሰብን» ይላሉ እሳቸውም። ጠጄ ዛሬም በየማለዳው ትጠይቃታለች፤ አጠገቧ ያለችውንም ቦታ ለእሷ ትጠብቃለች።

ታሪኩን ልጽፈው ነው ስላት ይህን አደራ ብላችኋለች፦ «ቤታችሁ ሞት ቢገባ፣ ልጁን ሳትነግሩት ወደኔ አትላኩት። አፋችሁ እንቢ ካላችሁ ጥሩኝ፤ መጥቼ አብሬያችሁ እነግረዋለሁ።»