ሲጠፋም የማይጠፋው ስዕል

የዚያን ቀን ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። የፋብሪካው በር ጠባቂ የኤሌክትሮኒክስ መጽሐፍ ማንበቢያዋን በፎጣ ጠቅልላ ወደ ገዛችበት ሱቅ ስትገሰግስ ልቧ ከእግሯ ይቀድም ነበር። ሱቁ የተገዛ ዕቃ የሚቀይረው በሦስት ቀን ውስጥ ነው፤ ያ ዕለት ሦስተኛው ቀን ነበር፤ ጊዜው እኩለ ቀን ላይ ያበቃል። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠችውን ትምህርት በር እየጠበቀች ልታጠናበት ነበር የገዛችው። ግን ብታጠፋው ብታጠፋው ስክሪኑ ላይ ያለው ስዕል አልለቅ አለ። አበላሸሁት ብላ ደነገጠች።

«ከሰል ነው የሸጡልሽ» አለች አብራት የመጣችው ታላቅ እህቷ። «ቀለም የለው፣ ፊልም የለው። በታብሌት ቀይሪውና እኛም እንይበት።»

ሻጩ ማንበቢያውን አገላብጦ አየና ፈገግ አለ። «እናቴ፣ ጠፍቷል እኮ። የዚህ ስዕል ሲጠፋም እላዩ ላይ ይቀራል። ባትሪም አይበላም።»

«እሷ የዋህ ናት፣ እኔን ግን አታሞኘኝም» አለች እህት።

ጠባቂዋ የግድግዳውን ሰዓት አየች። አምስት ደቂቃ ቀርቷታል።

«እኔ የምውለው ፀሐይ ላይ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ይሄንንም አንድ ታብሌትም ደጅ አውጣልኝ።»

ደጅ ላይ ታብሌቱ የገዛ ራሷን የደከመ ፊት መልሶ አሳያት። የማንበቢያው ፊደል ግን ወረቀት ላይ እንደታተመ ቁልጭ አለ።

«በቃ፣ ፊልሙ ቀረብን» አለች እህቷ።

ጠባቂዋ ማንበቢያውን በፎጣው መልሳ ጠቀለለችው።

የማታ ትምህርት መግቢያ ፈተናውን በሁለተኛው ሙከራ አለፈች። ዛሬ የማታ ተማሪ ናት፤ ቀን ቀን እዚያው በር ላይ ትውላለች።